ለምረቃ ስለተጠበቀው የቀዶ ሕክምና ካሜራ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ የተሟላ እንዲሆን እመኛለሁ፤ በተለይ የምግብ ፍላጎትዎ፣ ምክንያቱም ይህ ደብዳቤ ስለ አንጀት ነው። ኢፍቱ ፈዬራ እባላለሁ፤ ኮተቤ የአማርኛ መምህርት ነኝ። አባቴ አቶ ፈዬራ የእርሻ መሬታቸው ከተማ ከሆነ ወዲህ እንጦጦ ዳገት ላይ ባለ ችግኝ ጣቢያ ሲሠሩ የኖሩ፣ ቁጭ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። የትልቁ አንጀት ካንሰር እንደያዛቸው በሚመሩት ሆስፒታል በፍጥነት ስለተነገረን ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ በፍጥነት የተደረገልን ነገር ባለመኖሩ ምስጋናዬን እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር፤ ግን ይሉኝታ ይዞኝ የቀረውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ዶክተር ርሆቦትን የመሰሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስለቀጠሩልን አመሰግናለሁ። ዶክተሯ አባቴን አስቀምጠው፣ የምግብ ቧንቧና የአንጀት ካንሰርን ሆድና ደረት በሰፊው ሳይከፈት፣ በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ ስለማውጣት ጥናት ሊጀምሩ መሆኑን አስረዷቸው። አባቴም ሳይግደረደሩ «እኔ ላይ ልትሞክሩ ነው?» አሉ።

«ሌላ አገር ብዙ የተሠራበት ነው፣ እኛም ተምረነዋል» አሉ ዶክተሯ። «የማናውቀው እዚህ፣ ባለን ዕቃ፣ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ከድሮው ይሻል እንደሆነ ነው። እምቢ ካሉ በድሮው መንገድ እናክምዎታለን፤ ቅር አይለኝም።»

«ከኔ በኋላ ለሚመጣው ይጠቅማል?»

«ይጠቅማል ብለን ነው።»

«እንግዲያው እኔን አስገቢኝ፣ ልጄ።»

ልጃቸው ሆኜ እንኳ አባቴ እንዲህ ቶሎ ሰው ሲያምኑ አይቼ አላውቅም።

፪. ለካሜራው ስላደረጉለት እንክብካቤም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ዕቃው ገብቷል፣ ባለሙያዎቹ ሠልጥነዋል፣ የጥናቱም ፈቃድ ወጥቷል፤ የቀረው ምረቃ ብቻ ነበር። የክብር እንግዳው ሪባን ሳይቆርጡ ማንም እንዳይነካው ማዘዝዎን የነገሩኝ የቢሮዎ ጸሐፊ ናቸው፤ «እንግዳው አልተመቻቸውም፣ በትዕግሥት ጠብቁ» አሉኝ። የካሜራው ክፍል በር ገርበብ ባለበት አጋጣሚ አየሁት፤ ብርድ እንዳይመታው እንደተጠቀለለ ጨቅላ በፕላስቲክ ተጀቡኖ ቆሟል። ዶክተሯ «ከዚህ በላይ መጠበቅ አይቻልም፣ በድሮው መንገድ ልሥራቸው» ብለው ሲያመለክቱ፣ የመጀመሪያው ታካሚ ለእንግዳው መታየት ስላለበት ምረቃውን ይጠብቅ የሚል መልስ መስጠትዎንም ሰምቻለሁ። አባቴ በዕድሜያቸው ለትልቅ እንግዳ ተቆጥበው አያውቁምና ስላከበሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ዕጢው ግን የእንግዳውን ፕሮግራም የሚነግረው ሰው አላገኘም፤ ማደጉን ቀጠለ።

፫. አንድ ከሰዓት በኋላ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሳለን አባቴ ሆዳቸውን ይዘው አጎነበሱ፤ ያስመልሳቸውም ጀመር። አንጀታቸው ተዘግቶ ነበር። ሾፌሩ «ወገኖቼ፣ ሆስፒታል ላድርሳቸው» ብሎ መኪናውን ሲያዞር አንድም ተሳፋሪ አላጉረመረመም፤ እንግዳም አልጠበቀም። ዶክተር ርሆቦት በዚያው ቀን ሆዳቸውን ከላይ እስከ ታች ከፍተው ሕይወታቸውን አተረፉ። ይህን አልክድም። ከዚያ በኋላ ግን ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሰገራቸው ከሆዳቸው ጎን በተለጠፈ ከረጢት ይወጣል፤ የችግኝ ጣቢያ ባልደረቦቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ስበው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ኮሪደሩን ስመላለስ ዶክተሯን አግኝቼ፣ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ተሠርተው ቢሆን ይሻላቸው እንደነበር ጠየቅኋቸው። «ይሻላቸው ነበር ብዬ አልምልልሽም፣ ኢፍቱ» አሉኝ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ። «ጥናቱ እኮ ይህንኑ ለማወቅ ነበር።» ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በእርግጠኝነት እንኳ እንዳልከስዎት አድርገውኛል፤ ይህም ትልቅ ችሎታ ነው።

፬. ምረቃው በመጨረሻ ደረሰ። ድንኳኑ የተተከለው ከአባቴ ክፍል መስኮት ሥር ስለነበር ንግግርዎን ሳንንቀሳቀስ ለመከታተል በቃን።

«ምንድነው የሚጨበጨበው?» አሉ አባቴ።

«ለካሜራው ነው፣ አባዬ።»

«መጣ እንዴ?»

«ከመጀመሪያውም እዚሁ ነበር።»

አባቴ ወደ ግድግዳው ለመዞር ሞከሩ፤ ቁስሉ አላዞራቸው ሲል ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ መስኮቱን ዘጋሁት፤ ጭብጨባው ግን በመስታወቱም ያልፋል። አሁን ደግሞ ጥናቱ የሚጀመረው አዲስ አስተባባሪ ኮሚቴ ሲሰየም ነው መባሉን ሰማሁ። ካሜራውም ተመልሶ ተጀቡኗል። የኮሚቴው አባላት ሲሰየሙ ሌላ ድንኳን ካስፈለገ፣ እባክዎ ከሕሙማን መስኮት ራቅ ተደርጎ ይተከል፤ ልመናዬ ይህ ብቻ ነው።

ለሪባንና ለመቀስ ያለዎት አክብሮት አንድ ቀን ለሰው ሆድም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የምትጸልይ፣ የትዕግሥትዎ አድናቂ፣

ኢፍቱ ፈዬራ
ከኮተቤ

ማስታወሻ፦ ለእኔ መልስ ለመጻፍ እንዳይደክሙ። መልስ የሚጠብቁት ወይዘሮ ሐቢባ ናቸው፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይዟቸው አሁን ከውሃ በቀር የማይወርድላቸው፣ ለዚሁ ጥናት የተመዘገቡ ልብስ ነጋዴ። ጠዋት ጠዋት ቢሮዎ ሲገቡ ከአግዳሚ ወንበሩ ተነሥተው እጅ የሚነሡዎት፣ እርስዎም ራስዎን ነቅነቅ አድርገው የሚያልፏቸው ሴት እሳቸው ናቸው። ነገ ሲያልፉ ቀና ብለው ይዩአቸው፤ ዛሬ ለእርስዎ የተነሡት ግድግዳ ተደግፈው ነው።