የኋላ መቀመጫ

ጥቅምት 4

ሞተር ብስክሌቴ ዛሬም ቆመች። በዚህ ሳምንት ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሁለቴ አስነጠሳትና ቀጥ። የዕቃ ሻንጣዬን አንግቼ፣ ሞተሯን እየገፋሁ፣ ላብ በላብ ሆኜ ጋራዥ ደረስኩ። የስፌት መኪናዋ ተበላሽታ የምትጠብቀኝ ልብስ ሰፊ አለች... ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

መካኒኩን ቀስ በል ነው የምንለው። የመጣውን ደንበኛ ሁሉ "ቀስ በል" ስለሚል። የራሱ አፍ ግን ፍሬን የለውም። ካንዴላውን ነቅሎ አየ፣ ጭሱ የሚወጣበትን ማርሚታ በመዶሻ ነካ ነካ ሲያደርገው ዝገቱ እንደ ቅጠል ረገፈ። "በዚህ ድምፅ እስካሁን አለመደንቆርህ ተአምር ነው" አለ።

ሁለት መንገድ አለህ አለኝ። ወይ ሞተሯን ፈትቶ ፒስተኑን፣ ካቴናውን፣ ማርሚታውን፣ ሁሉንም በአዲስ መቀየር። ወይ እሷን ለመለዋወጫ ሰጥቶ ሌላ መያዝ። ሁለት ዓመት ብቻ የተነዳች አንዲት አውቃለሁ አለ። ሂድና አስብበት።

ምኑን ነው የማስበው? አሥራ ሰባት ዓመት ነድቻታለሁ። ሰው ብትሆን ድሬያት ነበር።

ጥቅምት 6

አየኋት። ጥቁር ናት። መሪዋ አይንቀጠቀጥ፣ ስፖኪዮዋ አልተሰነጠቀ። እስቲ አስነሳት ስለው "ተነስታለች እኮ" አለኝ። እንዲህ ነው ዝምታዋ።

ከኋላ ግን መቀመጫ የላትም። ትልቅ የብረት ሳጥን ነው ያላት፣ ዕቃ ለማመላለስ የተሠራች ናት። ለአንተ ሥራ እንዲህ ያለች አትገኝም አለ። እውነቱን ነው። መፍቻው፣ ዘይቱ፣ የመርፌው ካርቶን፣ ሁሉም ይገባል። ትከሻዬም ያርፋል።

"ከኋላ ሰው አትጭንም?" አልኩ።

"ማንን ልትጭንባት?" አለና ወዲያው አፉን ያዘ።

ያውቃል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

"ባለቤቴን ነዋ" አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ። መሬት መሬት አየ። ቀስ በል ዝም ሲል ዛሬ ገና አየሁ።

ጥቅምት 7

ከሄደች ሃምሳ ሦስት ቀን።

ጥቅምት 9

የተማሪ ደንብ ልብስ የምትሰፋዋ ሴትዮ ጋ ሄድኩ። በእግሬ። መኪናዋ ስፌት እየዘለለች አስቸግራታለች። ገና በር ላይ ሆኜ ሰማሁት... ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ አንዲት ባዶ። መርፌሽ ጎብጧል አልኳት። አወጣችው፤ ጎብጧል። "ይሄ ጆሮህ ለጉድ ነው እኮ" አለች። በዚህ ነው የምታወቀው። የስፌት መኪና ካመመው ጆሮን ጥሩት ይላሉ። ጆሮ እኔ ነኝ።

ስወጣ ስለ ባለቤቴ ጠየቀችኝ፤ ጠፋችብኝ አለች። እህቷ ጋ ሄዳ ነው አልኩ። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ እስካሁን አልጻፍኩትም። ማን ያነበዋል ብዬ ነው የምፈራው? ልጻፈው።

ጠዋት ጠዋት ላውንደሪው ድረስ የማደርሳት እኔ ነኝ። እዚያ ልብስ ትተኩሳለች። ማታ ሁለታችንም ደክመን ስለምንገባ የምናወራው በዚያች በጠዋቷ መንገድ ነበር። ማለቴ የምታወራው እሷ ናት። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ማርሚታው መበላት ከጀመረ ወዲህ ግን ድምጿ አይደርሰኝም። ንፋሱ አለ፣ ሄልሜቱ አለ፣ የሞተሩ ጩኸት አለ። ምን አልሽ እያሉ መጠየቅም ይሰለቻል። ስለዚህ ራሴን እነቀንቃለሁ። ዳቦ ግዛ ብላም ይሆናል፣ ጣራው ያፈሳል ብላም ይሆናል፤ እኔ እነቀንቃለሁ። ማርሚታውን አሠራ ስትለኝም፣ የእግር መርገጫው ይወዛወዛል ስትለኝም፣ እሺ። ስምንት ዓመት እሺ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ረጅም አወራች። ከቤት እስከ ላውንደሪው። ነቀነቅኩ። ስትወርድ ዓይኗ ቀልቶ ነበር... ንፋሱ ነው አልኩ በሆዴ።

ነሐሴ 19 ከሥራ ስመለስ ሻንጣዋን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የት ልትሄጂ ነው አልኳት።

"ነግሬሃለሁ እኮ" አለች። "የሚመጣው ወር ሳያልቅ እህቴ ጋ እገባለሁ አልኩህ። እንዳልሄድ ከፈለግህ ሞተሩን አቁምና እናውራ አልኩህ። ራስህን ነቀነቅህ። አላቆምክም።"

"አልሰማሁሽም።"

"አውቃለሁ" አለች። "የምሄደውም ለሱ ነው።"

ይኸው። ጻፍኩት። ምንም አልቀለለኝም።

ጥቅምት 12

ልጄ ደወለች። ሌላ ከተማ ነርስ ናት፣ ተረኛ ስትሆን በእረፍቷ ትደውላለች። ስለ ሞተሯ ነገርኳት። አዲሷን ውሰድ አባዬ፣ ወገብህን አስብ አለች። እሺ አልኩ።

ከዚያ ጠየቅኳት። እናትሽ ስለ እኔ ትጠይቃለች ወይ? ወዲያው በሽተኛ እየጠራት እንደሆነ ነገረችኝና ተሰናበተችኝ። ከጀርባዋ ማንም ሲጠራ አልሰማሁም።

ጥቅምት 13

ወሰንኩ። አሮጊቷን አሠራታለሁ።

ቀስ በል ሊያብድ ምንም አልቀረው። "ለአሮጊት ኩል ነው ይሄ። አዲሲቷ እዚህ ቆማ?" አለ። ይበል። አዲሲቷ ላይ ባለቤቴ የት ትቀመጣለች? ዕቃ ናት ሳጥን ውስጥ የምከታት? ሳጥን ይዤ እህቷ ደጅ ብሄድ ምን ማለት ነው... ቦታሽ ተይዟል ማለት ነው።

ስትለኝ የኖረችውን ሁሉ እያስታወስኩ አስጻፍኩት። የእግር መርገጫው ይበየድ። መቀመጫው ስፖንጁ ይቀየር፣ ሽቦው ይወጋታል። ካቴናው መሸፈኛ ይደረግለት፣ ሰማያዊ ቀሚሷን የበላው እሱ ነው። ከኋላ መያዣ ብረት ይግባለት። ማርሚታ አዲስ። "ማርሚታውን ከሁሉ አስቀድመህ" አልኩት።

ስንቱን አስታወስኩ። ለካ ይሄን ሁሉ ሰምቻለሁ?

ጥቅምት 16

በእግር ሦስት ቤት ሄድኩ። ሻንጣው ትከሻዬን ገነጠለው። ጋራዥ ጎራ አልኩ፤ ሞተሯ መሬት ላይ ተበታትና ተኝታለች፣ እያንዳንዷ ብሎን በቆርቆሮ ውስጥ። ቀስ በል መቀመጫውን ምን ዓይነት ጨርቅ ይሁን አለኝ። ሰማያዊ አልኩ።

የምላትን እየተለማመድኩ ነው። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳወራ ሰው እያየኝ ነበር።

ጥቅምት 19

አለቀች። ስድስት ቀን። ለሙከራ ቀስ በልን ከኋላ አስቀምጬ ዞርኩ። ወይ ጉድ፣ ዝም ብላለች። ትተነፍሳለች እንጂ አትጮህም። የቀስ በልን ወሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል ሳትቀር ሰማሁ፤ የአማቱን ሪህ፣ የጎረቤቱን አጥር፣ ሁሉን። ያሠራሁበት ቀን ይረገም አልኩት። ሳቅን። ስንት ጊዜዬ ነው ከሳቅኩ?

ትመጣለች። ይሄን ስትሰማ ትመጣለች።

ጥቅምት 21

አጠብኳት። ነገ እሁድ ነው፣ ላውንደሪው ዝግ ነው። እሄዳለሁ።

ጥቅምት 22

ካልጻፍኩት አልተኛም።

በሩን የከፈተችልኝ እህቷ ናት። ደህና ዋልክ አለችኝ፣ ግባ አላለችኝም። ጠራቻት። እሷ ወጣች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። አምሮባታል... ልንገራት ብዬ አፌ ተያያዘ። ሞተሯን አየች። ዞረቻት። መርገጫውን በእግሯ ጫን ጫን አደረገችው፤ አልተወዛወዘም። መቀመጫውን ዳበሰች።

"ስንት ቀን ፈጀ?" አለችኝ።

"ስድስት ቀን።"

"ስድስት ቀን" አለች ቀስ ብላ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ እስቲ ትንሽ ውሰደኝ አለች። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ተቀመጠች። ወደ ወንዙ የሚወስደውን ሜዳ መንገድ ያዝኩ፣ በቀስታ። ሰው የለም። ሞተሯ ጭጭ።

"ትሰማኛለህ?" አለች።

"እሰማሻለሁ።"

"ጥርት ብሎ?"

"ጥርት ብሎ።"

"አልመለስም" አለች።

ሰማሁት። በዚያ ሁሉ ዓመት ከኋላዬ ካለችው ሁሉ ጥርት ብሎ የሰማሁት እሱን ነው። ዳር ይዤ አቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ሄልሜቴን አወለቅኩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

አሁን እኮ እሰማሻለሁ፣ ሁሉንም አስተካክያለሁ አልኳት። እንደ ልጅ ለመንኳት። ቤቱ ጭር ብሎብኛል አልኳት። ምን ያላልኳት አለ? እጄን ያዘችኝ። እሷም እያለቀሰች ነበር።

"አልጠላሁህም" አለችኝ። "ግን ከአንተ ጋር ሆኜ ብቻዬን ነበርኩ። አሁን በእውነት ብቻዬን ነኝ፤ ይሄኛው ይቀለኛል። የዛሬ ሳምንት ሰኞ ሄደን ፍቺውን እንፈርም።"

ምን ይባላል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኔ ነኝ ውሻው።

ወደ እህቷ ቤት መለስኳት። መንገዱን ሁሉ አላወራችም። ስትወርድ መቀመጫውን መታ መታ አድርጋ "ተመቸኝ" አለች። ከልቧ ነው ያለችው።

ሄልሜቴ ውስጥ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

ጥቅምት 23

ሥራ አልሄድኩም። ሦስት ሰው ደወለ። አላነሳሁም።

ጥቅምት 30

ፈረምን። ጸሐፊው በስምምነት ነው ወይ አለኝ። ራሴን ልነቀንቅ ስል ያዝኩት። "አዎ" አልኩ፣ ድምፅ አውጥቼ። ቀና ብላ አየችኝ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም። ውጭ ላድርስሽ አልኳት። እግሬን ላፍታታ ብላ በእግሯ ሄደች። ማዕዘኑ ላይ እስክትታጠፍ ቆሜ አየኋት። ዞራ አላየችም፤ ለምን ትዞራለች?

ኅዳር 3

ጋራዥ ሄጄ ጥቁሯን ስጠኝ አልኩት። ቀስ በል አልተከራከረኝም። ሳጥኑን አውልቄ መቀመጫ ልበይድላት እችላለሁ አለኝ፣ ቀስ ብሎ። አይ፣ ሳጥኑ ይቆይ አልኩት። አሮጊቷን ማን እንደሚወስዳት እንዳይነግረኝ ለመንኩት። ሰማያዊ መቀመጫ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ መንገድ ላይ ባገኝ አልችለውም።

ቁልፉን ስሰጠው ጣቴ አልላቀቅ አለ።

ኅዳር 11

አዲሷ ጥሩ ናት። ምንም እንከን አይወጣላትም። ዳገቱን ሳታስነጥስ ትወጣዋለች። የደንብ ልብስ ሰፊዋ አየችና እንኳን ደስ ያለህ አለች። ባለቤትህስ መጣች ወይ አለችኝ። ተለያይተናል አልኳት። መቀሷን አስቀምጣ ውሃ አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ። መኪናዋን ዘይት ቀባሁላትና ሄድኩ።

ኅዳር 19

ልጄ መጣች፣ ለሁለት ቀን። አውቶቡስ ተራ ተቀበልኳት። ሳጥኑን አየችና "እኔ የት ልቀመጥ ነው አባዬ?" ብላ ሳቀች። ሻንጣዋን ሳጥኑ ውስጥ ከተትን፣ ሞተሯን አጥፍቼ እየገፋሁ በእግር ሄድን። አንድ ሰዓት ሙሉ። ስለ ሆስፒታሉ አወራችኝ፣ ስለ አንድ ትንፋሽ ስላጠረው ሽማግሌ፣ አብራት ስለምትኖረው ልጅ። የጭነት መኪና ሲያልፍ ያመለጠኝን ምን አልሽ እላታለሁ። መጀመሪያ ገረማት፣ በኋላ ለመደችው።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ እናትሽ እንዴት ናት አልኳት። ልታልፈው ፈልጋ ነበር፤ ገባኝ። ንገሪኝ ግዴለም አልኳት።

"እማዬ አሁን ትስቃለች" አለች። "እህቷ ጋ ሆና፣ ልብስ እየተኮሰች ሁሉ ትስቃለች። ድሮ እንዲህ መሆኗን እኔ አላውቅም ነበር።"

ደስ አለኝ። አይ፣ ውሸት ነው፤ ተቃጠልኩ። ደስም አለኝ። በእኔ ቤት ያን ሁሉ ዓመት ያልሳቀችው ሳቅ የት ተቀምጦ ነበር?

አውቶቡስ አለፈ። ልጄ ያለችውን ሰምቼዋለሁ፤ ግን ቆምኩ።

"ድገሚልኝ" አልኳት።

ደገመችልኝ።