በስምሽ የተናገርኩት ዳጉ

ለምወድሽ እህቴ ለሂያም፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? እዚያ ጀርመን፣ ብሬመን ብርዱ ጀመረ ወይ? ከባሕር ጥናቱስ በሰላም ተመለስሽ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችንም ጉልበቷን ቢያማትም አዋሽ ካለው ሱቋ አንድ ቀን አልቀረችም።

እህቴ፣ ይህን የምጽፍልሽ አፍሬ ነው። ባለፈው ወር ከሎጊያ ወጣ ብሎ አንድ ቦቴ ተገልብጦ፣ ናፍጣው ፍየሎች ወደሚጠጡበት ኩሬ ወረደ። አርብቶ አደሮቹ ውሃው መቼ እንደሚጠራ ጠየቁኝ። አላውቅም ማለት ሹመቴን የሚያሳንስ መሰለኝና፣ እህቴ ያጠናቻቸው የባሕር ረቂቅ ተሕዋስያን ነዳጅ ይበላሉ፣ በሳምንት ያጸዱታል አልኳቸው።

ስለ እነሱ ጽፈሽ የላክሽልኝን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ከጥፋቱ በኋላ ነው። ተሕዋስያኑ አየር በማይደርስበት የባሕር ወለል ይኖራሉ፤ ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣውን እንደ ቡታን ያለ ጋዝ በኢንዛይማቸው ይዘው ጥቂት በጥቂት ይፈቱታል፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል ብለሻል። ናፍጣም ኩሬም አላልሽም። ሳምንቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ዳጉ እንዴት እንደሚሮጥ አንቺም ታውቂያለሽ፤ አፋር መንገደኛ ሲያገኝ ቁጭ ብሎ የሰማውን ከነተናጋሪው ስም ይነግረዋል። በሦስት ቀን ወሬው፣ የሱሩር እህት እንዲህ አለች እየተባለ አሳይታ ደረሰ። በስምንተኛው ቀን ሀምዳ የምትባል አርቢ፣ በስምሽ ተማምና ፍየሎቿን ወደ ኩሬው ነዳች። አሥራ አንዱ አለቁ።

ላጽናናት ስሄድ ምንጣፍ አነጠፈችልኝና፣ አንተ ሹም፣ የእህትህ ትሎች ጾም ላይ ነበሩ እንዴ አለችኝ። የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ፍየል በፍየል ልተካልሽ ብላት፣ ፍየሉ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ቃልህን ከሄደበት መልሰህ አምጣ፤ ያላየውን አየሁ ከሚል ሰው ዳጉ አይቀበሉም አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በየስብሰባው ስናገር የኖርኩ ሰው፣ እሺ ብዬ ከምንጣፏ ተነሣሁ።

ነገ በማለዳ ከሎጊያ ገበያ ጀምሬ እስከ አሳይታ እወርዳለሁ። በየደረስኩበት ተቀምጬ፣ እህቴ አላለችም፣ የዋሸሁት እኔ ሱሩር ነኝ እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ቃሌን የሚሰማ ላይኖር ይችላል፤ ያንቺ ስም ግን ይመለስ። ይቅር በይኝ። የኩሬው ውሃ እንዴት እንደሚመረመር የምታውቂውን ጻፊልኝ። የማታውቂውንም አላውቅም ብለሽ ጻፊው፤ እንዳለ አነብላቸዋለሁ።

ባለቤትሽን ካሊድን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ትንሿን ሉላን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴን ሀጂራን ናፍቀሻታል፤ እናታችንም ዱዓዋ አይለይሽም።

ወንድምሽ ሱሩር
ሰመራ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.