የዱባ አበባ በደጃችን

እማዬዋ፣

እንዴት ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን የሚያመጣልኝ ሰው የለም። ስለዚህ የእኛን ልንገርሽ። ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ሳምንት ቀረው። ባሮ ዘንድሮም ሞልቶ እስከ ማንጎው ዛፍ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ድመትሽ ነጠላሽ በተቀመጠበት ሣጥን ውስጥ ወልዳለች፤ ማንም ሊያስነሳት አልደፈረም። እኔ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆኛለሁ። እንደ አንቺ መቆጣት ስላልቻልኩ ልጆቹ ራሴ ላይ ወጥተውብኛል። አባባ ከጉምሩክ ሲወጣ እንደ ድሮው በገበያው በኩል ዞሮ ወሬ ይዞ አይመጣም። ቀጥ ብሎ ቤት ይገባና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ጥቁር ሸሚዙን ይኸው እስከ ዛሬ አላወለቀም።

ዛሬ እንቁጣጣሽ ነው። የምጽፍልሽም ዛሬ ጠዋት በደጃችን ስለሆነው ነገር ልነግርሽ ነው። ግን አንቺ ወሬ ከሥሩ ካልተጀመረልሽ ደስ ስለማይልሽ ከሥሩ ልጀምር።

አባባ ከጎሬ ተዛውሮ ወደዚህ ቆላ ሲያወርደን ሙቀቱን ለመስደብ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀብሽም። ትንኙንም፣ ጭቃውንም፣ ወንዙንም ሰደብሽ። ከሁሉ በላይ ግን ያበሳጨሽ አደይ አበባ አለመኖሩ ነበር። "አደይ የሌለበት አገር መስከረም እንዴት ይገባል?" ትዪ ነበር። ከዚያ በሁለተኛው ክረምት ታደሰን ወባ ወሰደብሽ። ሦስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። ከቀብሩ በኋላ የወንድሜን ስም አልጠራሽም። አላለቀስሽም፣ አልተናገርሽም። ሙቀቱን መስደብም ተውሽ። እኔን ያስፈራኝ ይኼኛው ነበር።

ህንዶቹ ከፊት ለፊታችን ያለውን ቤት የተከራዩት በዚያው ዓመት ነው። እሱ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሊያስተምር የመጣ ነው፤ ከተማው ሁሉ ሚስተር ብቻ ይለዋል። ሚስቱ ሊላ ትባላለች። ረጅም ጥቁር ጉንጉን ያላት፣ አማርኛ የማትችል፣ ለሁሉም ነገር ፈገግ የምትል ሴት። ለሰላምታዋ አጸፋ ትሰጫታለሽ እንጂ አትቀርቢያትም ነበር። "ፊቷ ደግ ነው፣ ግን ማን ያውቃል" ነበር ያንቺ ፍርድ።

ነሐሴ አልቆ ጳጉሜን ሊገባ ሲል አንድ ቀን ጠዋት በራቸው ላይ አበባ ተነጥፎ አየሽ። ዝም ብሎ የተበተነ አይደለም፤ እየተቀነጠበ፣ በቀለም እየተለየ፣ ክብ ሆኖ የተደረደረ ነው። በማግሥቱ ክቡ ሰፋ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቀለም ተጨመረበት። አንቺ በደጅ ላይ ተፈስሶ የሚገኝ ነገር ምን እንደሆነ ከእናትሽ ተምረሻል። መተት ነው። ያውም ልጅ በሞተበት ቤት አንጻር፣ ያውም ቀን እየጨመረ የሚሰፋ መተት! ጠበል ይዘሽ፣ መጥረጊያ ይዘሽ፣ እነሱ ሳይነሱ ሄደሽ ጠረግሽው። እኔ በበሩ ስንጥቅ ነበር የማይሽ።

ሊላ ግን አልተቆጣችም። የአጁሉ ፍየሎች በሉት ብላ ነው ያሰበችው። አጁሉን ታስታውሺያታለሽ፣ ከወንዙ ዳር ዓሣ እያመጣች የምትሸጥልን የአኝዋ ሴት። ምስኪን ፍየሎቿ ያን ሳምንት ያልበሉትን በላችሁ ተብለው ተሰደቡ። ሚስተር እሾህ ቆርጦ አጥር ሠራ። አንቺም በማግሥቱ ነጠላሽን አስቀድደሽ አጥሩን ተሻግረሽ ጠረግሽ። እነሱ ያነጥፋሉ፣ አንቺ ትጠርጊያለሽ። ያ ሁሉ ሲሆን አባባ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር፤ ወይም የሚያነብ ይመስለን ነበር።

በዐሥረኛው ቀን ሚስተር ክራቫት አድርጎ መጣና ለምሳ ጠራን። አንቺ ሆዴን አሞኛል አልሽ። አባባ ጎረቤት ጠርቶ መቅረት ነውር ነው ብሎ አስነሳሽ። ምንም እንደማትቀምሺ በእመቤታችን ምለሽ ነበር የሄድሽው። ከዚያ ምን አየሽ? ቀኑ ዓርብ ነው፤ ሊላ መሬት ላይ የሙዝ ቅጠል ዘርግታ ሩዙን፣ ምስሩን፣ ዱባውን፣ ባሚያውን፣ ሙዙን በየዓይነቱ ደርድራለች። ሥጋ የሚባል የለም። ቅቤና እርጎ የነካውን አንድ ጥግ ለይታ አስቀምጣለች፤ ዓርብ መጾማችንን ሚስተር ከተማሪዎቹ ሰምቶ ነግሯታል። ጾም ጠብቆልሽ የደገሰ ሰው መተተኛ ሊሆን እንደማይችል ፊትሽ ላይ ሲነበብ አየሁ። ሁለቴ አስጨመርሽ።

አጁሉም ተጠርታ ነበር፤ በፍየሎቹ የተነሳ መታረቂያ መሆኑ ነው። ከአንቺ ጎን አስቀመጧት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓሣዋን ስትገዢ ከእሷ ጋር በአንድ ገበታ ቀርበሽ አታውቂም፤ ከደጋ የወረድነው ሁሉ እንደዚያው ነበርን። ትንሽ ፈቀቅ አልሽ። ያኔ ነው ሚስተር የበዓሉን ነገር በዚያ በሚጣፍጥ ስብርባሪ አማርኛው ያወራን። "ድሮ ንጉሥ አለ። ጥሩ ንጉሥ። ሁሉ ሰው እኩል፣ ሌባ የለም፣ ውሸት የለም። አማልክት ቀና። ንጉሥን ወደ ታች ላከ፣ ከመሬት በታች።" አባባ የንጉሥ መውረድ ሲወራ ሳያስበው በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ፤ የመንግሥት ሠራተኛ አይደል። ሚስተር ቀጠለ። ንጉሡ ሲወርድ አንድ ነገር ብቻ ለመነ አለ፤ በዓመት አንድ ቀን ተመልሼ ሕዝቤን ልይ ብሎ። ተፈቀደለት። አበባው እሱ የሚረግጠው ምንጣፍ ነው። በአገራቸው በሌላው ጊዜ እገሌ ከእገሌ ቤት አይገባም፣ እገሌ የነካውን እገሌ አይበላም የሚባል ብዙ ነገር አለ አለን። በዚያ ቀን ግን ንጉሡ እንዳያዝን ሁሉም አዲስ ይለብሳል፣ ሁሉም ይበላል፣ ማንም አያለቅስም። ቤቱ አዝኖ ካገኘው ልቡ ተሰብሮ ይመለሳል።

 ከዚያ አንቺ ቅጠሉን እያየሽ "ንጉሥ ብቻ ነው የሚመጣው? ልጅስ አይመጣም?" አልሽ።

ሚስተር ለሚስቱ በቋንቋቸው ነገራት። ሊላ ተነሥታ የተረፈውን አበባ በሳህን አምጥታ ጭንሽ ላይ አስቀመጠችው። አንቺም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሽ። አጁሉ፣ ፈቀቅ ያልሽባት አጁሉ፣ ትከሻሽን ይዛ "አይዞሽ፣ እኔም ሁለት ልጅ ወንዝ በላ" አለችሽ። ያን ዕለት ነው ያወቅነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓሣ ስታመጣልን ልጆች አሉሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። አልቅሰሽ አልቅሰሽ ሲወጣልሽ አፍንጫሽን ጠርገሽ ወደ ሊላ ዞርሽና "ፍየሏ እኔ ነኝ" አልሻት። ሚስተር እስኪተረጉምላት ሁላችንም ጠበቅን። ሊላ የሳቀችው ሳቅ እስከ ገበያው ተሰምቷል።

በሚቀጥለው ዓመት አንቺም ማንጠፍ ጀመርሽ፤ በራስሽ ሕግ ግን። የእነሱ በዓል ከዓመት ዓመት ይንሸራተታል፤ አንቺ "ንጉሡ ባሻው ጊዜ ይምጣ፣ የእኔው በጳጉሜን ነው የሚመጣው" ብለሽ ቀኑን ቆረጥሽ። በየቀኑ አንድ ክብ እየጨመርሽ ለአዲስ ዓመት ይሞላ ነበር። መሐሉ ላይ መስቀል ሠራሽበት። የነፍስ አባትሽ አይተው ሲጠይቁሽ "የእንቁጣጣሽ አበባ ነው አባ" ብለሽ አለፍሽ፤ ውሸትም አልነበረም። አደይ ስለሌለ ከጓሮ የዱባ አበባ ቀጠፍሽ። ቢጫነቱ ያው ነው፣ እንዲያውም ይሰፋል አልሽ። አጁሉ ከኩሬ ነጭ አበባ ታመጣልሽ ነበር፣ ሊላ የማንጎ ቅጠል ትቀነጥስልሻለች። ስትቀጥፊ እኔን ሁልጊዜ የምታስጠነቅቂኝ አንድ ነገር ነበር፤ "ከሥሩ አበጥ ያለውን አትንኪ፣ እሱ ዱባ ይሆናል። ቀጥ ያለውን ብቻ።" የታደሰን ስም መጥራት የጀመርሽውም አበባ ስታነጥፊ ነው። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ እንደ ማንም ልጅ ስም።

ሚስተር ደግሞ በአገሩ በዚያ በዓል ረጃጅም ጀልባ በዘፈን እየቀዘፉ ይወዳደራሉ ብሎ የአጁሉን ወንድሞች በባሮ ላይ በታንኳ ያወዳደረበት ቀን ትዝ ይልሻል? ሊላ በዳር ሆና በእጇ እያጨበጨበች በክብ የሚጨፈረውን የአገሯን ጭፈራ ልታሳየን ስትሞክር አንቺ እስክስታ ቀላቀልሽበት፤ አጁሉ በራሷ መንገድ መዝለል ጀመረች። ዳኛው አባባ ነበር፤ እናንተን ሲያይ ማን ቀድሞ እንደደረሰ ሳያይ ቀረ። ታንኳ ቀዛፊዎቹ እስከ ዛሬ ይወቅሱታል።

የሚስተር ኮንትራት አልቆ ሲሄዱ ሊላ የነሐስ መብራቷን ትታልሽ ሄደች። አንቺ ብቻሽን ማንጠፍሽን አላቋረጥሽም። ባለፈው ጳጉሜን አምስቱንም ክብ ሞላሽ። መስከረም በገባ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ያዘሽ፣ ከዚያ ያለውን አልጽፈውም። የጠወለገው አበባ ሳይጠረግ ነው የሄድሽው። ለቀብርሽ የመጣው ሰው ሁሉ ረገጠው።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። ጳጉሜን ሲገባ አባባን ላንጥፍ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ሳይል "በሐዘን ቤት ደጅ ላይ አበባ? ሙት ዓመቷ እንኳ ሳይደርስ? ሰው ምን ይላል?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰው ብዙ ይላል። የእድር ሴቶች ገና ነጠላችንን በምን በኩል እንደምናጣፋ እያዩ ነው። እኔ ግን የሚስተር ቃል አልለቅ አለኝ፤ ቤቱ አዝኖ ካገኘው ልቡ ተሰብሮ ይመለሳል ያለው። ታደሰን ይዘሽ መጥተሽ በሩ ተዘግቶ፣ ደጁ ባዶ ሆኖ፣ አባባ በጥቁር ሸሚዝ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ብታገኙት ምን ትሆናላችሁ? ተረት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፣ እማዬ። የቄስ ትምህርትም ተምሬያለሁ፣ የመንግሥትም ተምሬያለሁ። ግን ደጁ ባዶ ሆኖ ጳጉሜን አንድ አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ አምስቱም አለፈ፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አባባን ደግሞ መጋፋት አልቻልኩም። ካንቺ የቀረለት ነገር ሐዘኑ ብቻ ነው፣ እሱንም ልቀማው?

በመጨረሻ ቆረጥኩ። ቢቆጣም ይቆጣ ብዬ ጎህ ሲቀድ ሳህን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። የዱባው ሐረግ ላይ አንድ አበባ የለም። ትናንት ማታ እንቡጡን አይቻለሁ፤ ዛሬ ሊፈካ የተዘጋጀ ብዙ ነበር። የአጁሉ ፍየሎች ናቸው ብዬ፣ በእውነተኛው ፍየል ተናድጄ፣ በቤቱ ጎን ዞሬ ወደ ፊት መጣሁ።

አባባ ደጁ ላይ ተንበርክኳል። በዚያ በሚያመው ጉልበቱ። ጥቁር ሸሚዙን አውልቆ አንቺ የሰፋሽለትን ነጩን ለብሷል። የሊላን መብራት በአመድ ፈትጎ እንደ አዲስ እንዲያብለጨልጭ አድርጎ አጠገቡ አኑሮታል። ክብ ሊሠራ ሞክሯል፤ እንቁላል ሆኖበታል። መስቀሉ ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሏል። ግን አንዱንም አልረሳም፤ ነጩን ከውጭ፣ ቅጠሉን ከመሐል፣ ቢጫውን ከውስጥ አድርጎታል። ያን ሁሉ ዓመት ከጋዜጣው በላይ ሲያይሽ ኖሯል።

ሲያየኝ ተነሥቶ ሊሸሽ ፈልጎ ጉልበቱ እምቢ አለው። "ምን ትገተሪያለሽ፣ ነይና አቃኚው። እናትሽ እንዲህ ሆኖ ብታየው ትስቅብኛለች" አለ። አጠገቡ ተንበርክኬ አቃናሁት። አንዲት የእድር ሴት አልፋ ከንፈሯን መጠጠች። ሁለታችንም ቀና አላልንም። መብራቱን ሲለኩስ መጀመሪያ "ታደሰ" አለ፣ ቀጥሎ ያንቺን ስም ጠራ። ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን ከአፉ ስሰማ የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

አበባዎቹን ሳስተካክል ነው የገባኝ። አባባ ከሥሩ አበጥ ያለውንም ቀጥ ያለውንም አልለየም፤ ሁሉንም ቀጥፏቸዋል። ስነግረው እጁን እያየ ቆየና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያ በሩ ላይ የሰማሽው ድምፅ እኛ ነን፣ እማዬ፤ እያለቀስን አልነበረም።

እኔ እስካለሁ ድረስ ጳጉሜን በገባ ቁጥር ደጁ ይነጠፋል። የቱ አበባ እንደሚቀጠፍና የቱ እንደሚቀር፣ ታደሰ ማን እንደነበር፣ ፍየሏም ማን እንደነበረች ለልጆቼ እነግራለሁ። ዘንድሮ ዱባ የለንም። ነይ ብቻ።

ልጅሽ