ከግድግዳ የወረደው ወንድም

ካትማንዱ፣ የቲሃር በዓል ካለፈ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን

ውድ እትዬ ቱላሳ፦

ዛሬ ማለዳ፣ ከጠረጴዛዬ በላይ ሚስማር ላይ ከተሰቀለው የአበባ ጉንጉን አንዲት አበባ መውደቋን የምገልጽልሽ በጥልቅ ሐዘን ነው። አደጋው የደረሰው ሸሚዜን ስለብስ ክርኔ ነክቶት ሲሆን፣ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። የቀሩት አንድ መቶ ስድስት አበቦች በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ። ሐምራዊነታቸውም አልደበዘዘም። «ይህ አበባ እስካልጠወለገ ድረስ ሞት ወንድሜን አይነካውም» ብለሽ ስላጠለቅሽልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ከመታጠቤ በፊት እነሱን እቆጥራለሁ። የወደቀችውን ኤንቨሎፑ ውስጥ ታገኛታለሽ። ዘር አላት፤ ዝሪያት።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ባለወፍጮው ጋምቢር መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ፦ ጋምቢር ሆይ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ወፍጮህን አቁም፣ ዱቄቱን ከእጅህ አራግፍ፣ ከራስህ ቃል አትጨምር። በየመሃሉ ማሳልም አያስፈልግም።

ስልክ እንዳልደውል ያገድሽኝ አንቺ ነሽ። ስንሰነባበት ምን እንዳልሽኝ አልረሳሁም። «በስልክ ስትዋሽ ድምፅህ ማር ነው። ጻፍልኝ። ወረቀት ላይ ስትዋሽ ቢያንስ እጅህን ይደክመዋል።»

እንደምታውቂው ጋዜጣ ቤት ውስጥ የእኔ ሥራ እርማት መጻፍ ነው። ታሰረ ያልነው ሰው ሳይታሰር ሲቀር፣ ተመረቀ ያልነው ድልድይ ገና አለመጀመሩ ሲታወቅ፣ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ይቅርታ ስጠይቅ ኖሬ ላንቺ አንድ መስመር ሳይተርፈኝ ቀረ።

በመጀመሪያው ዓመት ለበዓሉ ቤት ሳልመጣ ለምን እንደቀረሁ ጠይቀሽኝ አታውቂም። በካርታ ጨዋታ ነው። ለቲሃር ሁሉም ካርታ ይጫወት የለ፤ እኔም ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ተቀመጥኩ፣ ስነሣ የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል። ይኸው ነው። በሁለተኛው ዓመት የቀረሁት በመጀመሪያው አፍሬ ነው። በሦስተኛው በሁለተኛው አፈርኩ። ከዚያ በኋላ እፍረቱ በራሱ እግር መሄድ ስለቻለ የእኔ ድጋፍ አላስፈለገውም። በየዓመቱ «ዘንድሮ እመጣለሁ» ብዬ እደውላለሁ፤ በየዓመቱ አለቃዬ ይታመማል። አንቺም አለቃዬን ትጸልዪለት ነበር። ሰውየው እንደ በሬ ጤነኛ መሆኑን ዛሬ ብነግርሽ ጸሎትሽ ሠርቷል ብለሽ እንዳትኮሪ።

ነገሩን ሳስበው ደግሞ ይብስብኛል። በቲሃር የመጀመሪያው ቀን የቁራ ነው፤ ቁራው በሰዓቱ መጥቶ እህሉን ለቅሟል። ሁለተኛው የውሻ ነው፤ ውሻሽ ግንባሩን አስቀብቶ፣ አበባውን አጥልቆ፣ ሥጋውን በልቷል። ላሚቱ አልቀረችም። በሬው አልቀረም። አምስተኛው ቀን የወንድሞች ነው። ከእንስሳቱ ሁሉ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዘንድሮ ግን መጣሁ። እህት የወንድሟን ግንባር በቲካው ቀለም የምትቀባበትን ደቂቃ ሬዲዮው ከሳምንት በፊት ጀምሮ ሲለፍፍ ነበር፦ ረፋድ አምስት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት። እኔ ደጃፍሽ የደረስኩት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ምክንያቱን ያኔውኑ ነግሬሻለሁ፤ ወንዙ መታጠፊያ ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ድንጋይ ገፋ። እኔም ገፋሁ። እጄ የተላጠውም ያኔ ነው።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጎረቤትሽን እማማ ዲልማያን አገኘኋቸው። ሳር ተሸክመው ይወርዱ ነበር። ሲያዩኝ ሸክማቸውን ለቀቁት።

«ማነህ አንተ?»

«ኬሻር ነኝ፣ እማማ። የቱላሳ ወንድም።»

«ኬሻር ሞቷል።»

«ኧረ አልሞትኩም።»

«ከእኔ ልታውቅ ነው? ስምንት ቲሃር ሙሉ ፎቶው ላይ አበባ ሲንጠለጠልለት በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ኬሻር ቀጭን ነበር።»

«ወፈርኩ፣ እማማ።»

«ሞተህ ወፈርክ?»

በአገራችን ፎቶ ላይ አበባ የሚንጠለጠለው ባለፎቶው ሲሞት ነው። አንቺ ደግሞ ሰዓቱ እንዳያልፈኝ፣ ሞት ያለ ጠባቂ እንዳያገኘኝ ብለሽ ፎቶዬን ቲካ ስትቀቢ፣ አበባ ስታጠልቂለት ከርመሻል። ጎረቤቱ መጥቶ ሊያስተዛዝንሽ ሲል «አልሞተም፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ትዪው እንደነበር እማማ ዲልማያ ነገሩኝ። «ምስኪን፣» አሉ ሳራቸውን እየሰበሰቡ፣ «እኛማ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷት ነው ብለን ዝም አልናት።»

ስገባ ጋምቢር ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። እህት የሌለው ሰው ነውና አንቺ ነሽ የምትቀቢው፤ ግንባሩ ላይ ሰባቱ ቀለማት፣ አፉ ውስጥ በዘይት የተጠበሰ የሩዝ ቂጣ። ግድግዳው ላይ ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ የሃያ ሦስት ዓመቱ እኔ፣ መስታወቱ ላይ ቲካ፣ አንገቴ ላይ አበባ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አማረብኝ።

«ደረስኩ፣ እትዬ» አልኩሽ።

ከምድጃሽ ቀና አላልሽም። «ማን ልበል?»

«እኔ ነኛ! ኬሻር።»

«የእኔ ወንድም በሰዓቱ ተገኝቷል» አልሽ በጭልፋሽ ወደ ግድግዳው እያመለከትሽ። «ቲካውን ተቀብቷል፣ አበባውን አጥልቋል፣ ቂጣውንም ጋምቢር በልቶለታል።»

«በውክልና ነው የበላሁት» አለ ጋምቢር፣ አፉ እንደሞላ።

ስለ ናዳው ነገርኩሽ። ስለ ድንጋዮቹም፣ ከእውነታቸው ትንሽ አተለቅኳቸው መሰለኝ። አዳመጥሽኝ፤ ከዚያ «እጅህን» አልሽ። እርድ ወቀጥሽ፣ በዘይት አሞቅሽ፣ ከነጠላሽ ጫፍ ቀደሽ አሰርሽልኝ።

«ድንጋይ እንዲህ አድርጎ ይቧጭራል?»

«ስለታም ድንጋይ ነበር» አልኩ።

ያኔ ጋምቢርን ሳል ያዘው። ለረጅም ጊዜ ሳለ። ውሃ ሰጠሽው።

እኔ ሰዓቱ አልፏልና ነገሩ አብቅቷል ብዬ ጫማዬን ፍለጋ ተነሥቼ ነበር። አንቺ ግን ከማሰሮው አንድ ቅርፊተ ጠንካራ የተራራ ለውዝ አውጥተሽ፣ መምቻ ድንጋይ ይዘሽ በሩ ደፍ ላይ ቁጢጥ አልሽ። ለውዙ የሞት ጭንቅላት ነው፤ እህት ለወንድሟ ትፈረክሰዋለች። የደፉን ድንጋይ ያየሁት ያኔ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ ስትመቺው ጎድጉዷል፣ የጨቅላ መዳፍ ያህል። ድሮ በአንድ ምት ነበር የምትሰብሪው። አሁን የመጀመሪያው ምት ለውዙን አንከባለለው። ሁለተኛውም። አምባሮችሽ እስከ ክርንሽ ድረስ ይንሸራተቱ ነበር፤ ክንድሽ እንዲህ መቅጠኑን ማንም አልነገረኝም፤ ጠይቄም አላውቅ።

«ላግዝሽ፣ እትዬ?»

«ዝም ብለህ ቁጭ በል። የራሱን ሞት ራሱ የሚመታ ወንድም አይቼ አላውቅም።»

በአምስተኛው ተሰበረ። ለአንቺስ ማን ይሰብርልሻል? ሥርዓቱ ውስጥ ይህ የለም። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደሽ ፎቶውን ይቅርታ ጠየቅሽው። «አንተ ታማኝ ነበርክ፣ ወንድምዓለም። ለዚህኛው አውሰው» ብለሽ አበባውን አውልቀሽ አንገቴ ላይ አጠለቅሽው። ቲካውን ስትቀቢኝ ጣትሽ እርድ እርድ ይሸት ነበር። ፎቶውንም አወረድሽና ሣጥን ውስጥ ከተትሽው፤ ግድግዳው ላይ ጭስ ያልነካው ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ።

«ከርሞ ብትቀር» አልሽ ሣጥኑን እየቆለፍሽ፣ «እሱን አላወጣልህም። ከሞት ጋር ራስህ ትነጋገራለህ።»

እትዬ፣ ከርሞ ሰዓቱ ሳይደርስ፣ ቁራው ሳይበላ፣ ውሻው ሳይቀባ እመጣለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከእንስሳቱ ጋር እሰለፋለሁ። አለቃዬ ቢሞት እንኳ ቀብሬው እመጣለሁ። ለለውዙ የሚሆን መዶሻም ይዤ እመጣለሁ፤ ምቱ ያንቺ፣ መዶሻው የእኔ።

ደህና ሁኚልኝ። የክንድሽን ነገር በደብዳቤ አስነግሪኝ፤ ጋምቢር፣ አሳምረህ አትጻፍ።

ከግድግዳ የወረደው ወንድምሽ፣
ኬሻር

እርማት፦ ከላይ በሰፈረው ደብዳቤ ውስጥ «ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘግቶት ነበር» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ነው። በዕለቱ የወረደ ናዳ የለም። አውቶቡሱ ከዳገቱ ሥር ያለው ሻይ ቤት ጋ የደረሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ጸሐፊው እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል እዚያው ተቀምጦ አምስት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቷል። ባለሻይ ቤቷ የማን እንግዳ እንደሆነ ብትጠይቀው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነኝ ብሏታል። ሬዲዮው ሰዓቱን ሲናገር ሰምቷል። አቶ ጋምቢር ወደ አንቺ ቤት ሲያልፍ አይቶት፣ «ሰዓቱ እየደረሰ ነው» ብሎ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ ተናግሮ ሄዷል፤ እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገረም። አቶ ጋምቢር የሚከተለውን በቀስታ እንዲያነብ በአክብሮት ይጠየቃል። ከሻይ ቤቱ ሆነው ሲያዩ ደጃፍሽ ይታያል። ሦስት ጊዜ ወጥተሽ፣ እጅሽን ግንባርሽ ላይ አድርገሽ መንገዱን አይተሻል። እጄንም የቧጨረኝ ድንጋይ አይደለም፤ ለሦስተኛ ጊዜ ስትወጪ የተደበቅኩበት የእሾህ አጥር ነው።