የፈታኋቸው ብሎኖች

ለምወድህና ለምፈራህ ታላቅ ወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈህ ነው የምትነሳው? የምትሠራበት መጋዘን ብርዱ ጋብ አለልህ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ጎርሰህ ትወጣለህ? አብሮህ የሚኖረው ጓደኛህስ፣ ማንኮራፋቱን በስልክ ያሰማኸን፣ እሱስ ደህና ነው? እኛን ደህና ናችሁ ወይ ብትለን፣ ሁላችንም በልተን እናድራለን፣ በእግራችን ቆመን እንሄዳለን፣ የታመመም የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምታነበው ነገር ሆድህን እንዳያሸብረው። የከፋኝ እኔ ነኝ፤ የከፋኝም በራሴ ነው።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ግን በደወልክ ቁጥር እማዬ ከጎኔ ተቀምጣ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ትለጥፋለች፤ አባባ ደግሞ ሳሎን ሆኖ የማይሰማ መስሎ የሬዲዮኑን ድምፅ ይቀንሳል። በዚያ ላይ አንተ ቶሎ ትቆጣለህ፣ እኔ ቶሎ አለቅሳለሁ፤ ነገሩ ሳይነገር ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። እባክህ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ስልክ እንዳታነሳ።

ጉዳዩ የመኪናህ ሞተር ነው። የላክኸው ዕቃ ሁሉ በሰላም ደርሶናል፤ ፒስተኖቹ፣ ብሮንዞቹ፣ ጋስኬቶቹ፣ እንደ ጌጥ ለየብቻ የተጠቀለሉት፣ የፒስተኑን ክንድ የሚያስሩት የቤላ ብሎኖችም። ዙሪያ ጥምጥም ሳልል ልንገርህና ይውጣልኝ፤ ብሎኖቹን አበላሽቻቸዋለሁ። ሌላ መላክ ሊኖርብህ ነው። እንዴት እንደተበላሹ ስታውቅ ግን ከብሎኖቹ ይልቅ ሌላው ነገር ያሳዝንሃል ብዬ አስባለሁ፤ እኔንም የሚበላኝ እሱ ነው።

ቁስል ልነካካ ብዬ አይደለም፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይገባህም። አንተ ወደ ውጭ ከመሄድህ በፊት ይህን ሞተር የገጠመው አባባ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲያድስ የኖረ ሰው ብሎን የሚያጠብቀው በክንዱ ነው፤ ክንዱ በቃ ሲለው ይበቃል። ያንተው ግን ቱርቦ ያለው፣ ለውድድር የተሠራ፣ ትንሽ ነገር የሚያስኮርፈው ሞተር ነው። ገና ዳገቱ ላይ ስትረግጠው ከውስጥ ይንኳኳ ጀመር፤ በገመድ ተጎትታችሁ ስትመለሱ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። ያኔ በሰው ፊት ምን እንዳልከው ታስታውሳለህ። ይሄ እኮ የጭነት መኪና አይደለም፣ ሁለተኛ እንዳትነካብኝ ብለህ ጮህክበት። አባባ የመፍቻ ሳጥኑን አንስቶ አልጋው ሥር ከተተውና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ዕቃውን ስትልክም በስልክ ደጋግመህ አባባን አደራ እንዳታስነኪው አልከኝ። እሺ አልኩህ። እሺ ማለት መች ያቅተኛል! ቀኑን ሙሉ መደብር ውስጥ የአውቶቡስ መለዋወጫ ሳድል እውልና፣ ማታ የመኪናው መጠለያ ውስጥ መብራት አብርቼ ብቻዬን መፍታት ጀመርኩ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አወረድኩ፣ ፒስተኖቹን አወጣሁ፣ ቤላው የሚዞርበትን የተበላ ብሮንዝም በዓይኔ አየሁት፤ እንደ ቆርቆሮ ተልጦ ነበር።

አባባ መጀመሪያ ወደዚያ ድርሽ አይልም ነበር። ከዚያ መጥረጊያ ሊወስድ ብቅ ማለት ጀመረ፤ መጥረጊያው ግን ወጥ ቤት ነው ያለው። ከዚያ ድመቷ ወዲህ መጥታ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ድመት የለንም። አንድ ቀን እንዲሁ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ በካቻቢቴ አትጎርጉሪው ይቧጨራል አለኝ። እዚያ ላይ ነበር አባባ አንተ እንዳትነካ ተብለሃል ማለት የነበረብኝ። በየትኛው አንደበቴ? ጨርቅ አቀበልኩትና ጠጋ አልኩለት።

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። የላክኸውን መጽሐፍ አምጪ አለኝ። ቋንቋውን እሱ አያነብም፤ እኔ በመዝገበ ቃላት እየተንተባተብኩ አነበብኩለት። ስለ ቤላ ብሎኖች የሚናገረውን ገጽ እንደ ጸሎት ደጋግሞ አስነበበኝ። መጀመሪያ ጉልበት በሚለካው መፍቻ ልኩ ድረስ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ በጉልበት ሳይሆን በማዕዘን ነው የሚዞሩት፤ ሲዞሩም በጥቂቱ ይለጠጣሉ። የታላቅ እህታችንን ልጅ የማዕዘን መለኪያዋን ተዋሳት፤ ካርቶን በክብ ቆርጦ መስመር በመስመር አደረገው። በእውነተኞቹ ብሎኖች ከመጀመሩ በፊት በወዳደቁ የጭነት መኪና ብሎኖች ተለማመደ። ልጅቷ አያቴ ትምህርት ቤት ገባ እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እሱ ግን ሥራውን ቀጠለ። አንዴ ብቻ ቀና ብሎ፣ ያኔ ክንዴን አምኜ ነው የልጄን ነገር ያበላሸሁት፤ አሁን መጽሐፉን ነው የማምነው አለኝ። ይህን ላንተ ሳልነግርህ መቅረቴ ራሱ አንድ በደል ነው።

የአባባን ጋራዥ ሕግ ታስታውሳለህ አይደል? አባባ አጥብቆ የጨረሰውን ብሎን ከራሱ አንስቶ እስከ ተቀመጠበት ብረት ድረስ በቀለም አንድ ቀጭን መስመር ያሰምርበታል። መስመር ያለበትን ብሎን ማንም አይነካም፤ ነገሩ ያለቀለት ነው። አሁን ቀለም ስላልነበረው የእማዬን ቀይ የጥፍር ቀለም ሰረቀ። እማዬ ስትደርስበት፣ እኔን ካገባ ጀምሮ አንድ ቀን ጥፍሬን ያላየ ሰው ለብሎን ጥፍር ቀለም ይቀባል ብላ እስኪያማት ሳቀች። እሱ ግን ትንፋሹን ይዞ፣ አንዱን እጁን በሌላኛው ደግፎ፣ በእያንዳንዱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አሰመረ። ጨርሶ ሲነሳ ጉልበቱ ተንቋቋ፤ ሳቀም። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ መሰለህ!

በማግስቱ እማዬ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። የዕረፍት ቀኔ ስለነበር ቤቱ ውስጥ እኔና ሞተሩ ቀረን። እዚህ ላይ ነው ሰይጣን የገባብኝ፤ ሰይጣንስ ምን አደረገ፣ ራሴ ነኝ። ዓይኑን ሊታይ የሄደ ሰው ማዕዘኑን እንዴት አይቶት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ተነስቼ ልብስ አጠብኩ፣ ተመልሼ መጣሁ። ያ መንኳኳት ጆሮዬ ላይ መጣ፤ ካንተ ድምፅ ጋር። ሞተሩ እንደገና ቢሰበር ሁለታችሁ ዳግመኛ እንደማትነጋገሩ ታየኝ። አንዱን ብቻ ልየው ብዬ ረጅሙን መፍቻ አነሳሁ። አንዱ ሲፈታ ሌላውስ አልኩ። ሁሉንም ፈታኋቸው።

ብሮንዞቹ መካከል ያቺን ስትጨፈለቅ ክፍተቱን የምታሳይ፣ እንደ ክር የቀጠነች መለኪያ ሰም አስገብቼ፣ አጥብቄ፣ ፈትቼ ለካሁ። ሁሉም ልክ ነበር። መጽሐፉ ካለው ዝንፍ ያለ አንድም የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም። መልሼ አጠበቅኩ። የእሱን መስመሮች በአሴቶን ጠርጌ በዚያው ቀለም የራሴን አሰመርኩ፤ ይህን ሳደርግ እጄ ሌባ ሌባ ሸተተኝ። ከዚያ እንደ ደህና ሰው ሽንኩርት ልልጥ ገባሁ።

አባባ የዓይን ጠብታውን በእጁ እንደያዘ፣ የክት ጫማውን ሳያወልቅ በቀጥታ ወደ መጠለያው ሄደ። ሐኪሙ ዓይንህ ለዕድሜህ ደህና ነው ስላለው ሥራውን በአዲስ ዓይን ሊያየው ነበር። ባትሪውን አብርቶ አጎነበሰ። መስመሮቹን አንድ በአንድ አየ፤ የእሱ እጅ አልነበሩም። እኔ ከኋላው ቢላዋ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ሁሉንም ነው ወይ አለኝ። ሁሉንም አልኩት። ጎሎ ያገኘሽው አለ ወይ አለኝ። የለም ስለው እንኳንም አልኖረ አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንግዲህ እነዚህ አልቀዋል፣ አንዴ ከተለጠጡ በኋላ ሁለተኛ አይታመኑም፣ ይሄን እኮ አንቺው ነሽ ያነበብሽልኝ አለኝ። እውነቱን ነው። እንደ አለቀ ላስቲክ ይሆናሉ የምትለዋን አረፍተ ነገር እኔው ነኝ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳሁት። እሱን ለመጠርጠር ስጣደፍ ከአእምሮዬ ጠፋች።

ቢሰድበኝ እንዴት በቀለለኝ! መለኪያውን ለልጅቷ መለሰላት። የመፍቻ ሳጥኑ ተመልሶ አልጋው ሥር ገባ። ይቅርታ ስጠይቀው ምን አድርገሽ፣ ሥራን ማረጋገጥ ጥሩ ነው ብሎ ሻዩን ጠጣ። ግን ይቅር ያለኝ ሰው ወደ መጠለያው ይመለስ ነበር። አሁን ሬዲዮኑ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሬዲዮኑ ቢጠፋም ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ከሥራ ስመለስ በጓሮ በር እየገባሁ ነው፤ በሳሎን በኩል ሳልፍ ቀና ብሎ ደህና ዋልሽ ሲለኝ አልችለውም።

ጥፋቴን ላንተ ላካፍልህ አይደለም። መፍቻውን ያነሳው የእኔ እጅ ነው። አደራህን በልቼ አባባን አስነካሁት፤ እሱን ደግሞ አምኜው ሳበቃ ከጀርባው ሄጄ ፈታሁበት። አንተ ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የጮህክበት። እኔ ጨርቅ እያቀበልኩ፣ ሻይ እያፈላሁ፣ ጎበዝ አባባ እያልኩ ነው። የቱ እንደሚብስ አንተ ፍረድ። አንድ ነገር ግን እወቅልኝ፤ ሥራው ልክ ነበር። ማንም ባይነካው ኖሮ ሞተሩ ይነሳ ነበር። ይህን የለካሁት እኔ ነኝና ምስክሩም እኔ ነኝ።

እማዬ ዓይንህን ስማሃለች፤ ደረትህን ሸፍነህ እንድትወጣ፣ ፀጉርህንም እንድትቆረጥ ብላለች፤ ፎቶህን አይታ ነው። ስለ ብሎኖቹ አታውቅም። እኔና አባባ የተኳረፍን መስሏት በምሳ ሰዓት አንድ ሳህን ላይ እያቀረበች ልታስታርቀን ትሞክራለች። ታላቅ እህታችን ከነባሏ ሰላም ብላሃለች። ልጇ አጎቴ መቼ ነው በሩጫ መኪና ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እያለች ነው፤ አንድ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ከዚያ ሞተር ጩኸት ያረፍኩት በእናንተ ስንፍና ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ ብሎ ሰላምታውን ልኳል። ለጓደኛህም የሁላችንንም ሰላምታ አድርስልን።

አባባም ሰላም ብሎሃል። ዛሬ ከምሳ በኋላ ስጽፍ አየኝና አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ብሎን እንዲልክ ልትጽፊለት ነው አይደል አለኝ። አዎ አልኩት። ጠረጴዛውን በእጁ ሲጠራርግ ቆየና እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለኝ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ ብሎኖቹን አባትህ ነው አጥብቆ ያበላሻቸው በይው። በእኔ መቆጣቱን ለምዶታል፤ አንቺን እንዳይቆጣሽ።

ይኸው ጻፍኩልህ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ውሸቱ እሱ ብቻ ነው።

ብሎኖቹን ስትልክ በእኔ ስም አትላክ። በአባባ ስም ላክ፤ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ጻፈው። ወደ ውስጥም በራስህ እጅ የተጻፈ ነገር አስገባለት፤ ምን ብለህ እንደምትጽፍ እኔ አልነግርህም። እኔ አልከፍተውም፣ አላነበውም። ፖስታ ቤት ራሱ ሄዶ ይቀበለው።

የበደለችህ እህትህ

ከቤት፣ ከሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ
እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን