ሠላሳ አምስት የተባለው መምህር

ለምወድዎና ለማከብርዎ ታላቅ እህቴ ለእትዬ አዛለች፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። እንዴት ነዎት? ያምዎት የነበረው ጉልበትዎስ ተሻለው? ጋሼ ተክለጻድቅስ? ልጆቹስ? የአሰብ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እዚህ ግንቦት ላይ እንኳ ጧት ጧት የበግ ፀጉር ባና ደርበን ነው የምንወጣው። ከዚህ ብርድ ትንሽ ቆርሶ የሚያደርስላችሁ ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ። እኔም እማማም አምላክ ይክበር ይመስገን ደህና ነን። የበልጉ ገብስ ደህና ነው፤ በጎቹም ወልደዋል። እማማ ዓይናቸው ትንሽ ፈዘዘ እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው።

በመጋቢት የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ዓመቱን ሙሉ ዝም በማለቴ «ምን አስቀይሜሽ ነው?» ብለው መጠየቅዎ አንጀቴን በላው። ምንም አላስቀየሙኝም። የያዘኝ አንድ ወጣት መምህር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይጠረጥሩ ግን ከሥሩ ልንገርዎ።

ባለፈው መስከረም ዳይሬክተራችን ጠሩኝና «አዲስ መምህር ተመድቦልናል፤ ሦስተኛ ክፍልን ይይዛል። አንቺ አሥራ አራት ዓመት ያስተማርሽ ነሽና ዓመቱን አጠገቡ ሁኚለት» አሉኝ። አፈወርቅ ይባላል። የናዝሬት ልጅ ነው፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ። ሰማንያ ሰባት ልጆች በአንድ ክፍል፣ ግማሾቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ መጽሐፍ ለስድስት ሆነው ሲጠብቁት ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ቢሆንም የትምህርት ዕቅዱን በሁለት ቀለም ጽፎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ይመጣ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው መምህር መንፈቅ ሳይሞላው ጥሎ በመሄዱ ክፍሉ ተበትኖ፣ ከተበተኑት ልጆች ግማሾቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ስለዚህ እኔም ይኸኛው እንዳይሄድብን በጣም እሠጋ ነበር። ሊያስኮበልለው የነበረው ግን ድህነታችን ሳይሆን እኔው ሆንኩ።

ጥቅምት ላይ አንድ ዓርብ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ ሲያስተምር አየው ነበር። ከኀምሳ ሁለት ላይ ሃያ ሰባት ሲቀነስ ሠላሳ አምስት ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። እኔ ስላለሁበት ደንግጦ ነው እንጂ መቀነስ ጠፍቶት አይደለም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ብድግ ብዬ ጠመኔውን ከእጁ ወሰድኩና ሠላሳ አምስቱን በመዳፌ ጠርጌ ሃያ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ ሳቁ። ደወል ተደውሎ ሲወጡም «ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ አምስት» እያሉ እስከ በሩ ተከተሉት።

ቤት ገብቼ ለእማማ ስነግራቸው ደግ ሠራሽ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ሱፋቸውን መልቀም ትተው አዩኝና «አንቺ እኮ አላረምሽውም፤ አዋረድሽው። በሰው ፊት ያቆሰልሽውን ደግሞ በጓዳ አታክሚውም» አሉኝ። ተናደድኩ። ግን ነገሩ እንደ እሾህ ውስጤ ቀረ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጧት ለአፈወርቅ ቤት ያከራየችው ጌታነሽ መጣችና «እንግዳዬ ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ ሞላሌ ሄደ፤ ደህና ሁኚ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ» አለችኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኩት። የሁለት ሰዓቱን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ደርሼ ሳይ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ደጃፍ የቆርቆሮ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል።

«ዳይሬክተሩ ልከውዎት ነው?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ማንም አልላከኝም። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«እትዬ ዘነበች፣ ልጆቹ ስሜን ረስተውታል» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ሰኞ በእነዚያው ልጆች ፊት ጥፋቴን እንደምናገር ነገርኩት። «ከዚያ በኋላ ደግሞ አንተ የእኔ ክፍል ኋላ ተቀመጥና ጥፋቴን ጻፍ፤ ብቻችንን ስንሆን ትነግረኛለህ» አልኩት። አውቶቡሱ መጣ። ብድግ ብሎ ሻንጣውን አነሣ። ረዳቱ ሁለት ጊዜ ጠራው። አፈወርቅ ወደ እኔ ዞረና «መንገዱ ዳገት ነው፤ ሻንጣውን በተራ እንይዘዋለን» አለኝ።

ሰኞ ሦስተኛ ክፍል ገብቼ «ዓርብ ዕለት የተሳሳትነው ሁለት ነን። መምህራችሁ ቁጥር ተሳሳቱ፤ የቁጥር ስሕተት በጠመኔ ይታረማል። እኔ ግን የሰው ክብር ነካሁ፤ የባሰው የእኔ ነው» አልኳቸው። አፈወርቅ ያንኑ ሒሳብ መልሶ ጻፈና «ሠላሳ አምስት ያልኩት የቱ ጋ ስቼ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሃያ እጅ ተነሣ። ቅጽል ስሙ እንኳ እስከ ገና አልለቀቀውም፤ ኋላ ግን ራሱም ይስቅበት ጀመር።

አሁን የእኔን ልንገርዎ። ሦስት ቀን እኔ ከማስተምረው አራተኛ ክፍል ኋላ ተቀምጦ ሲጽፍ ሰነበተና በሦስተኛው ቀን ከግቢው ካብ ላይ ተቀምጠን «የሚያስተምሩት ሰባት ልጅ ነው» አለኝ። ጥያቄ ስጠይቅ ስማቸውን የጠራኋቸውን ልጆች ሁሉ መዝግቧል፤ ሰባት ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ከፊት የሚቀመጡ። ከሩቅ መንደር የሚመጡት፣ በር አጠገብ ንፋስ ላይ የሚቀመጡት፣ አንዳቸውም የሉበትም። አሥራ አራት ዓመት እንደነዚያ ያሉትን ልጆች ሰነፎች ናቸው ስል ኖሬያለሁ። በማግሥቱ ከበር አጠገብ ወሰኔ የምትባል ልጅ አስነሣሁ። ሁለት ቀን ዝም ብላ ቆማ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን መለሰች፤ ድምፅዋን ከእኔ በቀር የሰማው የለም፤ መልሱ ግን ልክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሱ የእኔን፣ እኔም የእሱን እናያለን፤ የምንነጋገረው ካቡ ላይ ብቻችንን ነው። ኅዳር ላይ ገብስ ሲታጨድ ልጆቹ ሲጎድሉበት ከመዝገብ ሊሰርዛቸው ተነሣ። አልተከራከርኩትም፤ ቤት ለቤት ይዤው ዞርኩ። ከአቶ ወዳጆ ቤት ስንደርስ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ለምን ቀን እየዘለሉ እንደሚመጡ ጠየቀ። አቶ ወዳጆ አንገታቸውን ደፍተው «ባናው አንድ ነው፤ ዛሬ አንደኛዋ ከለበሰችው ሌላዋ ምን ለብሳ ትውጣ?» አሉት። ሰኞ አፈወርቅ ክፍሉን በሁለት ፈረቃ ከፈለና ታላቂቱን ከጧቱ፣ ታናሺቱን ከከሰዓቱ አደረጋቸው። መንገድ ላይ እየተገናኙ ባናውን ይቀባበላሉ። ሁለቱም ወደ አራተኛ ክፍል አልፈዋል።

ከሰማንያ ሰባቱ ሰባ ዘጠኙ እስከ ሰኔ ፈተና ዘለቁ። ይህን ያህል ልጅ ዓመት ሲጨርስ እዚህ ትምህርት ቤት አይቼ አላውቅም። የቀሩትን ስምንቱን ግን አልረሳኋቸውም፤ ክረምቱ ሲወጣ ወላጆቻቸውን እናነጋግራለን።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የዝውውር ደብዳቤ መጣለት። በጥቅምት አመልክቶ የነበረው ነው፤ ወደ ናዝሬት፣ ወደ እናቱ አጠገብ። ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቀኝ አልመለስኩለትም። ቅር ይበለኝ አይበለኝ አላሳየሁትም፤ እናትን ያህል ነገር ነውና። ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን የልጆቹን ደብተር እያረመ ሳለ «እናቴ ትቆጣኛለች፤ ለአንድ ዓመት ይዘግይልኝ ብዬ ጽፌያለሁ። ማካፈል ገና አልጨረስንም» አለኝና ወደ ደብተሩ ተመለሰ።

ጋሼ ተክለጻድቅን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ጥሩሸዋን ዓይኗን ይሳሙልኝ፤ ፎቶግራፏን እማማ ከቅዱስ ሥዕሉ አጠገብ ሰቅለውታል። በዕውቀቱን «በትምህርትህ በርታ ብላሃለች አክስትህ» ይበሉልኝ። እማማ ደግሞ «ሳልሞት ላያት» ብለሽ ጻፊ ቢሉኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልጽፍም ስላቸው «እንግዲያስ ለፍልሰታ ትምጣ በያት» ብለዋል። የሚጠብቅዎ ሰው ብዙ ነው።

ታናሽ እህትዎ
ዘነበች

ከሞላሌ አጠገብ፣ ሰኔ ፳፰ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.