የሐጅ በሺር መሐላ

ጥቅምት 26 ቀን 1943፣ ገዳሪፍ

የሱዳኖቹን ረጅም ቀሚስ፣ ጀለቢያ ስሰፋ ዋልኩ። ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ እንደኛ ሱሪ አያንገላታም። ጠዋት ሱቁን ላከራዩኝ ለሐጅ በሺር ጎንበስ ብዬ እጅ ብነሣ ትከሻዬን ይዘው አቃኑኝ። “አንተ ነጋ፣ ለሰው አይጎነበስም!” እዚህ መጀመሪያ ትከሻ መታ መታ፣ ከዚያ መጨባበጥ። መቼ ነው የምለምደው?

ኅዳር 3

ሻይ... አሁንም ሻይ። በቃኝ ብል ማን ሰምቶኝ! በኛ አገር እንግዳ እምቢ ሲል “በሞቴ” ይባላል። እዚህ ወንዱ የሚምለው በሚስቱ ፍቺ ነው! “ካልጠጣህ ሚስቴ የተፈታች ትሁን” አለ አንዱ ለጓደኛው። ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም። የምር ነው አሉኝ፤ መሐላው ከፈረሰ ትዳሩም ይፈርሳል።

ኅዳር 8፣ ዓርብ

ሐጅ ከመስጊድ ሲመለሱ ለምሳ ጠሩኝ። ምነው በቀረብኝ! ሌሎች እንግዶችም አሉ፤ ትሪው ሙሉ ሥጋ። “ዓርብ ነው፣ እጾማለሁ” አልኩ። ይሉኝታ የያዘኝ መሰላቸው መሰለኝ... “ዛሬ ከቤቴ ሳትበላ ብትወጣ ነፊሳ የተፈታች ትሁን!”

ሚስታቸው ነፊሳ ከመጋረጃው ኋላ ናት። ብበላ እናቴ ስትሸኘኝ አደራ ያለችኝን ጾም ልሽር ነው። ባልበላ የሰው ትዳር ላፈርስ። የሐጅም ፊት ተለወጠ፤ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ያዳነችን ራሷ ነፊሳ ናት።

“እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾመው?”

“እስከ ዘጠኝ።”

“ያኔ ሥጋ ትበላለህ?”

“ዓርብማ አልበላም። ባቄላ ከሆነ ግን...”

“ባቄላ አለን። ሐጅ እንድትበላ እንጂ ሥጋ እንድትበላ አልማለም። ሰዓቱንም አልቆረጠም።”

ሐጅ ሳቅ አመለጣቸው፤ ትሪውን ከደኑት። እንግዶቹን ኧረ እናንተ ብሉ ብላቸው ማን ይስማኝ? “አንተ እየጾምክ?” እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁላችን እጃችንን ሰብስበን ተቀመጥን። ሥጋው ቀዘቀዘ፤ ዘጠኝ ሲሆን እኔ ባቄላዬን፣ እነሱም ሥጋቸውን በላን። አፈርኩ... ደግሞም ወደድኳቸው።

ኅዳር 9

ነፊሳ “ሁለተኛ በእኔ እንዳትምል” ብላቸዋለች አሉ። እውነቷን ነው።

ሰኔ 3፣ ጎንደር

እኔ አገሬ ከገባሁ ወር ሆነኝ፤ ዛሬ ደግሞ ሐጅ በሺር ለንግድ መጥተው ቤታችን ገቡ። ትከሻቸውን መታ መታ ሳደርግ እናቴ ጠብ መስሏት ደነገጠች።

ሥጋችንን እንደማይበሉ ስለነገርኳት ሽሮ በቅቤ ሠርታለች። ረመዳን መሆኑን ግን ረስቼው! አልበላም ሲሉ፣ እናቴ “በሞቴ አያ ሐጅ! አፈር ስሆን!” አለች። ብተረጉምላቸው ክው አሉ። “እናትህ ታማለች እንዴ?” የለም፣ እኛ እንግዳ የምናስበላው እንዲህ ነው አልኳቸው።

ለእናቴም ጀንበር እስክትጠልቅ እንደሚጾሙ ነገርኳት።

“ያን ዓርብ ጾምህን የጠበቁልህ ሰው እኒህ ናቸው?”

“እኒህ ናቸው።”

መሶቡን ከደነችው። ወንድሜ እጁን ታጥቦ ነበር፤ “ቁጭ በል!” አለችው። ሁላችንም ተቀመጥን። ርቦኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል። እሷ ብቻ መቀመጥ አልቻለችም... እየተነሣች በር ላይ ወጥታ ወደ ምዕራብ ታያለች።

“ምነው ይች ጀንበር! ሰው እንደራበው አታውቅም?”